ስም የሰጠ እጅ ስም ሲነሳ

ሻይ ሳይቀዘቅዝ አንብበው ሊጨርሱት የሚቻል፣ ካነበቡት በኋላ ግን ከልብ ቶሎ የማይወጣ አንድ አጭር ታሪክ አለ። ርእሱ «የዴዚሬ ልጅ» ሲሆን የጻፈችው አሜሪካዊቷ ኬት ሾፓን ናት። በመጀመሪያ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 1893 ቮግ በተባለው መጽሔት ነው፤ መጽሔቱም ያን ጊዜ ከተመሠረተ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ የኛ ነው ካላልሁ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ታሪክ ዛሬ በዚህ ዓምድ ለመጻፍ ያሰብሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስለ ዘርና ስለ ጋብቻ ከተጻፉት አጫጭር ታሪኮች መካከል ከፍ ያለ ስፍራ የተሰጠው በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያስታውሰው በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ስላለው ድንገተኛ ነገር ብቻ በመሆኑና ይህም አነባበብ ትልቁን ቁም ነገር የሚያስረሳ መስሎ ስለ ታየኝ ነው። ላላነበቡት ታሪኩን አስቀድሜ በአጭሩ ላውጋ፤ ፍጻሜውንም አልደብቅም፤ ያለ ፍጻሜው መነጋገር አይቻልምና።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ ደቡብ፣ በሉዊዚያና፣ ባርነት ገና ሕጋዊ በነበረበት ዘመን ነው። አገሩ በፈረንሳዮች የተመሠረተ ቅኝ ግዛት ስለ ነበረ፣ በ1803 ለአሜሪካ ከተሸጠ በኋላም የብዙዎቹ ባለርስቶች ስምና ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። ወይዘሮ ቫልሞንዴና ባለቤታቸው ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ባለቤታቸው በፈረስ ወደ ግቢያቸው ሲገቡ፣ ከበሩ ትልቅ የድንጋይ ምሰሶ ጥላ ሥር አንዲት ሕፃን ተኝታ አገኙ። የማን ልጅ እንደ ሆነች በእርግጥ የሚያውቅ ጠፋ። ወይዘሮዋ ግን «እግዚአብሔር የሰጠኝ ናት» በሚል እምነት አሳደጓት። ስሟም ዴዚሬ ተባለ፤ በፈረንሳይኛ «የተመኟት፣ የተፈለገች» ማለት ነው።

18 ዓመት ካለፈ በኋላ ዴዚሬ በዚያው ምሰሶ ተደግፋ ቆማ ሳለች፣ የጎረቤቱ ባለርስት አርማን ኦቢኚ በፈረስ ሲያልፍ አያት። አርማን እናቱ በፓሪስ ሞታበት፣ በስምንት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ወደ ሉዊዚያና የመጣ ሰው ነው። ዴዚሬንም ከልጅነቷ ያውቃት ነበር፤ ያን ዕለት ግን በፍቅሯ ድንገት ተመታ። አሳዳጊ አባቷ አስተዋይ ሰው ነበሩና፣ የልጅቱ ዘር የማይታወቅ ስለ ሆነ ነገሩ ይታሰብበት አሉ። አርማን ግን አልሰማቸውም። እርሷ ስም ባይኖራት ምን ቸገረው? እርሱ ከሉዊዚያና ስሞች ሁሉ አንጋፋና ኩሩ ከሆኑት አንዱን ሊሰጣት ይችላል። የሰርጉን ስጦታ ከፓሪስ አስመጣና አገባት።

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። በእኛ አገር ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷ ስም ከእርሷ አይለይም። በዚያ አገር ልማድ ግን ሙሽራ የአባቷን ስም ትታ በባሏ ስም ትጠራለች። የወላጅ አባቷን ስም ለማታውቀው ለዴዚሬ እንግዲህ ጋብቻ ባል ማግኘት ብቻ ሳይሆን ስም ማግኘትም ነበረ። ስም የሰጠም ሰው በፈለገ ጊዜ ያንኑ ስም ሊነሳ ይችላል።

የአርማን ርስት ላብሪ ይባላል፤ ትርጓሜው «መጠለያ» ነው። እዚያ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። አርማን በባርያዎቹ ላይ ጨካኝ ጌታ ነበረ፤ ልጁ ከተወለደ ወዲህ ግን አንዱንም አልቀጣም። ወይዘሮ ቫልሞንዴ ዴዚሬንና ሕፃኑን ለአራት ሳምንት ሳያዩ ቆይተው ሊጠይቁ መጡ። ሕፃኑን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱትና በጥንቃቄ አዩት፤ ሞግዚቲቱንም አዩ። ያዩትን ግን አልተናገሩም።

ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሞላው በቤቱ ውስጥ አንድ ሥጋት ገባ። ጎረቤቶች ያለ ምክንያት መምጣት አበዙ፤ ባል ከሚስቱ ዓይኑን ሸሸ፤ በባርያዎቹም ላይ ክፉ መንፈሱ ተመለሰበት። አንድ ቀን በሙቀት ሰዓት ዴዚሬ ተቀምጣ ሳለች ሕፃኑ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ላ ብላንሽ ከተባለችው ባርያ ልጆች አንዱ፣ ከአራት አያቶቹ አንዱ ብቻ ጥቁር የሆነ ልጅ፣ በጣዎስ ላባ ያራግብለታል። ዴዚሬ አንዴ ልጇን፣ አንዴ ያንን ልጅ አየች፤ ደግማም አየች። ደሟ በሥሯ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ባሏ ሲገባ የዚህ ነገር ትርጉም ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው። እርሱም ልጁ ነጭ አይደለም፤ አንቺም ነጭ አይደለሽም ማለት ነው አላት። ዴዚሬ ጠጉሯን፣ ዓይኗን፣ የቆዳዋን ንጣት እያሳየች ተከራከረች፤ እጇን ከእጁ አጠገብ አድርጋ ከእርሱ ይልቅ የነጣች መሆኗን አሳየችው። የእርሱ መልስ ከላ ብላንሽ ጋር እኩል ትነጫለሽ የሚል ነበረ። ለእናቷ ጻፈች። ከእናቷ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው፤ አይክድም፣ አያረጋግጥም፣ ከልጇ ጋር ወደ ቤቷ እንድትመለስ ብቻ ይጠራታል። ደብዳቤውን ለባሏ አሳይታ ልሂድ ወይ አለችው፤ ሂጂ አላት። ሕፃኑን ከሞግዚቱ ተቀብላ በስስ የቤት ጫማዋ ወጣች። ወደ ቫልሞንዴ የሚወስደውን ትልቁን መንገድ ትታ፣ የታጨደውን ማሳ አቋርጣ፣ በዝግታ ወደሚፈሰው ጥልቅ የረግረግ ወንዝ ዳር በቄጠማው መካከል ገባች፤ አልተመለሰችም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አርማን በላብሪ ግቢ ትልቅ እሳት አስነደደ። የሕፃኑ አልጋ፣ የዴዚሬ ልብሶች፣ የሰርጉ ስጦታ ሁሉ ተቃጠለ። በመጨረሻ በመሳቢያው ውስጥ ዴዚሬ በእጮኝነት ዘመን የጻፈችለትን ደብዳቤዎች አገኘ፤ ከእነርሱም ጋር አንድ የቆየ ቁራጭ ወረቀት ነበረ። እናቱ ለአባቱ የጻፈችው ነው። በዚያ ደብዳቤ እናቱ፣ እርሷ ባርነት ከተጫነበት ዘር የተወለደች መሆኗን ልጇ አርማን ፈጽሞ እንዳያውቅ እግዚአብሔር ነገሩን ስላመቻቸላቸው ታመሰግናለች። ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በተረክሁላቸው ጊዜ «እሰይ! የእጁን አገኘ!» የሚል ድምፅ ከየወንበሩ ተሰማ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን እጇን አንሥታ «የተገኘው ደብዳቤ የአርማን እናት ሳይሆን የዴዚሬ እናት ቢሆንስ ኖሮ፣ አርማን ትክክል ነበረ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ጥያቄ ነው። በክፍሉ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ የሚበልጥ ነበረና።

«የእጁን አገኘ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እስቲ እናስተውለው። አርማን ያገኘው ቅጣት ምንድን ነው? ጥቁር ደም ያለበት መሆኑን ማወቁ ነው። ይህን እንደ ቅጣት ቆጥረን ከተደሰትን ግን፣ ሳናውቀው የአርማንን ሚዛን ተውሰን አርማንን መዘናችን ነው። የዴዚሬም በደል «ነጭ ሆና ሳለች ጥቁር ነሽ ተባለች» የሚል ብቻ ከሆነ፣ ነገሩ እንደ መዝገብ ስሕተት የሚታረም ሆነ ማለት ነው። በደሉ ግን የመዝገብ ስሕተት አይደለም። ዴዚሬ በእውነት ከጥቁር እናት የተወለደች ብትሆንም ኖሮ፣ የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋ ከቤት የወጣችው ሴት ያችው፣ ወንዙም ያው ነበረ። የአርማን ኃጢአት በዘር ቆጠራ መሳሳቱ ሳይሆን፣ የሚስቱን ሰውነት በዘር ቆጠራ መለካቱ ነው።

ይህን ለመረዳት ከዴዚሬ ይልቅ ላ ብላንሽን መመልከት ይረዳል። ስሟ በፈረንሳይኛ «ነጪቱ» ማለት ነው። መልኳ ለነጭነት የቀረበ ነው፤ ቢሆንም ባርያ ናት። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አትናገርም። በአንድ ስፍራ ላይ ዴዚሬ በደስታዋ ቀን፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ አርማን ከላ ብላንሽ ጎጆ ድረስ ሰማው ብላ ለእናቷ ታወራለች። አርማን በዚያ ጎጆ ምን ይሠራ እንደ ነበረ ደራሲዋ አትነግረንም፤ ልጆቿ ግን መልካቸው ከአርማን ልጅ ጋር የሚመሳሰል መሆኑን ታሳየናለች። ብዙ አንባብያን ከዚህ ተነሥተው የላ ብላንሽ ልጆች አባት ማን እንደ ሆነ ይጠረጥራሉ። እንዲህ ከሆነ፣ በዚያ የሙቀት ሰዓት በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ በአልጋ ላይ ተኝቶ ሁለተኛው ያራግብለታል። ዴዚሬ ቢያንስ ወደ ቤት የሚጠራት እናት አለቻት። ላ ብላንሽን የሚጠራ ደብዳቤ ከየትም አይመጣም፤ አንባቢም አያለቅስላትም። ታሪኩን ስናነብ ለዴዚሬ ብቻ ካለቀስን ያዘንነው ለተዋረደችው ሴት ሳይሆን፣ ማዕረጓን ላጣችው ሴት ነው።

ሌላው የሚገርመው ነገር የክርክሩ አካሄድ ነው። ዴዚሬ ማስረጃዋን በግልጥ አቀረበች፤ ከእርሱ የነጣ እጅ አሳየች። አርማን ምንም ማስረጃ አላቀረበም፤ አልተጠየቀምም። ለምን? የታወቀ ስም ያለው ሰው ዘሩ አይመረመርም፤ የሚመረመረው ስም የሌለው ነው። አጋጣሚው ግን ተቃራኒውን ይናገር ነበር፤ የዴዚሬን እናት ማንም አላየም፤ የአርማንንም እናት በሉዊዚያና ያየ የለም። ስለ አንደኛዋ ሁሉ ጠየቀ፤ ስለ ሁለተኛዋ ማንም አልጠየቀም። ታሪኩ በመጀመሪያ ሲታተም ርእሱ «የዴዚሬ ልጅ አባት» የሚል እንደ ነበረ ባወቅሁ ጊዜ፣ ደራሲዋ ጥያቄው ወደ ማን ሊዞር እንደሚገባው አስቀድማ ያመለከተች መሰለኝ።

ይህ ሁሉ የደራሲ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስለን ሕጉን እንመልከት። ፈረንሳይ በ1724 ለሉዊዚያና ያወጣችው የጥቁሮች ሕግ ነጮች ከጥቁሮች ጋር እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር። የአርማን አባት ሚስቱን በፈረንሳይ ያኖረበትም ምክንያት በዚህ ይታወቃል። ከዚህም ጋር የባርያይቱ ልጅ አባቱ ማንም ይሁን ማን የእናቱን ዕጣ ተከትሎ ባርያ ይሆን ነበር። ጌታ ከባርያው ቢወልድ የሚወልደው ወራሽ ሳይሆን ንብረት ነው ማለት ነው። እኛ ልጅን በአባቱ ስም እየጠራን ስላደግን ይህ ሕግ ምን ያህል ለጌታ የተመቸ እንደ ነበረ ቶሎ ላይታየን ይችላል።

ታሪኩ ስላለፈ ዘመን ይናገር እንጂ የተጻፈው በ1892 መጨረሻ ላይ ነው፤ ዓመቱም ተራ ዓመት አልነበረም። በዚያው ዓመት በጁን ወር በኒው ኦርሊንስ ሆመር ፕለሲ የተባለ ጫማ ሠሪ ለነጮች በተለየ የባቡር ፉርጎ ተቀምጦ ተያዘ። ከስምንቱ ቅድመ አያቶቹ አንዱ ብቻ ጥቁር ስለ ነበረ በመልኩ የሚለየው አልነበረም፤ ሕጉን በፍርድ ቤት ለመሞገት አስቀድሞ ታስቦበት ስለ ነበረ ነው ለተቆጣጣሪው ማንነቱን የገለጠው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 ፈረደበት። ሉዊዚያናም በ1870 ትታው የነበረውን የጋብቻ ክልከላ በ1894 መልሳ አወጣች፤ ይህም «የዴዚሬ ልጅ» ከሌሎች ታሪኮች ጋር ተሰብስቦ በመጽሐፍ በወጣበት ዓመት ነው። ደራሲዋ በ1850 በሴንት ሉዊስ ባርያ ካላቸው ቤተሰብ ተወልዳ፣ በ1870 ወደ ሉዊዚያና ያገባች፣ በ1882 ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የጻፈችው እንግዲህ ከሩቅ ስለ ሰማችው ሳይሆን በማዕዱ ተቀምጣ ስላየችው ሕዝብ ነው።

በኋላ የሆነውም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1958 ሪቻርድ ላቪንግ የተባለ ነጭና ሚልድረድ የተባለች ጥቁር ሴት በዋሽንግተን ተጋብተው ወደ አገራቸው ወደ ቨርጂኒያ ተመለሱ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ፖሊሶች ሌሊት መኝታ ቤታቸው ድረስ ገብተው ያዟቸው፤ ፍርድ ቤቱም ከእስር የሚድኑት ለ25 ዓመት ከቨርጂኒያ ቢርቁ ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ሕግ በሙሉ የሻረው ጁን 12 ቀን 1967 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሕጉ በ16 ግዛቶች ጸንቶ ነበር።

በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባብያን ደግሞ ይህን ልብ በሉት። ሉዊዚያና በ1970 ባወጣችው ሕግ፣ ከደሙ ከ32 እጅ ከአንዱ የሚበልጥ የጥቁር ድርሻ ያለበት ሰው ነጭ ተብሎ እንዳይመዘገብ ወስና ነበር። በ1977 አንዲት የሉዊዚያና ሴት ፓስፖርት ለማውጣት የልደት ወረቀቷን ስትጠይቅ ዕድሜዋን ሁሉ ነጭ ነኝ ብላ ኖራ ሳለ «ጥቁር» ተብላ ተመዝግባ አገኘችው። ክርክሩም ብዙ ዓመት ፈጀ፤ የ32 እጁ ሕግ የተሻረው በ1983 ነው። በአርማን ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ የተፈረደው ፍርድ፣ እዚህ በመዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በብዕር ተፈረደ። ልዩነቱ ጸሐፊው የማይቆጣ መሆኑ ብቻ ነው።

የእኛስ ነገር? በእኛ አገር የአሜሪካው ዓይነት የነጭና የጥቁር ሕግ አልነበረም፤ ስለዚህ የእነርሱን ታሪክ በእኛ ላይ እንዳለ መለጠፍ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ሽማግሌ በተላከ ቁጥር «የማን ዘር ነው?» የሚለው ጥያቄ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ዘመዳሞች እንዳይጋቡ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ይፈልገዋል። ማን ጨዋ ማን የባርያ ልጅ እንደ ሆነ፣ ማን ከሸክላ ሠሪ ማን ከቆዳ ፋቂ እንደ ተወለደ ለማወቅ መቁጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ነው። አዋጁ የባርነትን ሥርዓት ሻረ፤ በሽማግሌዎች ፊት በሹክሹክታ የሚነገረውን ቃል ለመሻር ግን አዋጅ አይበቃም። «ዘር ከልጓም ይስባል» የምንለው ተረት ለፈረስ ይሠራ ይሆናል፤ በዚህ ተረት የፈረሰ እጮኝነት ግን ብዙ ነው፤ እጮኛዋን የተነጠቀችውም ልጅ እንደ ዴዚሬ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ትቀራለች።

በመጨረሻ ስለ ወይዘሮ ቫልሞንዴ አንድ ቃል ልናገር። በሕፃኑ ላይ ያለውን ነገር ከሁሉ አስቀድመው ያወቁት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ቀን በመስኮቱ አጠገብ ያዩትን ለልጃቸው ሳይነግሩ መመለሳቸው የሚያስወቅሳቸው ይመስለኛል፤ ዴዚሬ ብቻዋን ሆና፣ ያውም ከባሏ አፍ ልትሰማው ባልተገባት ነበር። በደብዳቤያቸው ግን በታሪኩ ውስጥ ማንም ያላደረገውን አደረጉ። ልጃቸው ስለ ዘሯ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸው ስለ ዘሯ አንድም ቃል ሳይመልሱ ከነልጅሽ ነይ አሏት። ተማሪዬ ለጠየቀችው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ በታሪኩ ውስጥ አላገኘሁም፤ ደብዳቤው የማንኛዋም እናት ቢሆን፣ የወይዘሮ ቫልሞንዴ መልስ አይለወጥም ነበር።